ባዮስን የተማርኩባቸው እሑዶች

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አሜሪካ፣ ዲኬተር ከተማ አንድ ጎረቤት ቤቱን ሊለቅ ዕቃውን ግቢው ላይ ዘርግቶ ሲሸጥ፣ ከሣር ማጨጃውና ከልጆች ብስክሌት መሐል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አየሁ። በደህናው ጊዜ ክሬም የነበረው ቀለሙ ሻይ እንደ ፈሰሰበት ወረቀት ወይቧል። ሰውየው ቆሜ ሳይ አየኝና «ይሠራል እኮ፤ ላሳይህ» ብሎ ከጋራዡ ረጅም ገመድ ጎትቶ ሰካው። ማብሪያው እንደ ድሮው በስተቀኝ ጎኑ፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው፤ ትልቅና ቀይ። ወደ ላይ ሲገፋው ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ የሞቀ አቧራ ሽታ መጣ። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ፣ በግራው የላይኛው ጥግ፣ ቁጥር መውጣት ጀመረ፤ ማሽኑ የራሱን ሜሞሪ እየቆጠረ። ሰውየው «ታገሥ፤ እየተነሳ ነው» አለኝ። ታገሥኩ። ቆጠራው ሲያልቅ አንድ ጊዜ «ጢጥ» አለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ለማየት አልቆየሁም፤ አመስግኜው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዛሬ የምጠቀምበት ኮምፒውተር ሲበራ ድምፅ የለውም። ክዳኑን ስከፍተው ተነስቶ ይጠብቀኛል። ልጄ ድሮ ማሽን አብርተን ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር ስላት ትስቃለች፤ «ምን እያደረገ ነው የሚያስጠብቃችሁ?» ትለኛለች። መልሱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ብዙ እሑዶች የተማርኩት እሱኑ ነው። ግን ልጀምር ስል ሌላውም አብሮ ስለሚመጣ «ድሮ ቀርፋፋ ነበሩ» ብዬ አልፋታለሁ።

ያኔ የምንኖረው ስኮትዴል ነበር፤ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለ ቀይ ጡብ አፓርትመንት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና ጌታቸው። ጌታቸው የካርቱም ጓደኛዬ ነው፤ ቀድሞኝ መጥቶ ታክሲ ይነዳ ነበር። እኔ መሐል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የመስታወት ሣጥን በምታክል ክፍል ተቀምጬ ትኬት እቆርጣለሁ፤ የግማሽ ቀን ሥራ። ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር በታች ነበር። መታጠፊያው ላይ ያለችው ሱቅ ዶሮ ስትጠብስ ሽታው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይመጣል፤ አንዱን ሙሉ ዶሮ በሁለት ዶላር ከምናምን ገዝተን ለሁለት ቀን እናብቃቃዋለን። ልብሳችን ከሜሞሪያል ድራይቭ የሰልባጅ መደብር ነው። ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ግራጫ ኮት በሦስት ዶላር ገዛሁና ስፖንጁን በምላጭ ፈትቼ አወጣሁት፤ ትከሻዬ ያልሆነውን ትከሻ መሸከም አልወደድኩም። ጌታቸው ደግሞ የእኔን ስፖንጅ አንስቶ በራሱ ኮት ላይ ደረበው። «አሜሪካ ማን እንደ መጣባት ትወቅ!» እያለ በበሩ ወደ ጎን ዞሮ ይወጣ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ውስጥ ካሴት ይከፍታል፤ ከካሴት ወደ ካሴት ብዙ ጊዜ ከመገልበጡ የተነሳ ዘፋኙ ጆንያ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። እኔ ጥግ ይዤ አነባለሁ። ትንሽ ስለምናገር «ሊቀ ዝም» የሚል ማዕረግ ሰጥቶኝ ነበር። ከፓርኪንጉ ስወጣ በባቡር ዲኬተር ወርጄ ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ፤ ስለ ኤሌክትሮኒክስ የተጻፈ ካገኘሁ፣ ያልገባኝን ገጽ እስኪገባኝ ድረስ ሳላልፍ፣ አንዱን ገጽ ለሳምንት እየደጋገምኩ አነባለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት የሚከፈል ገንዘብም ጊዜም አልነበረኝም።

ታናሽ ወንድሜ ይልማ ካርቱም ቀርቶ ነበር። ከቤታችን የተረፍነው እኔና እሱ ነን። የእኔ ጉዳይ ሲያልቅ የእሱ ተጓተተ፤ እኔ ልቅር ብል «አንዳችን ካልሄድን ሁለታችንም እንቀራለን» ብሎ አስገድዶ ላከኝ። እሱን ለማምጣት ስፖንሰር መሆን ነበረብኝ፤ ስፖንሰር ለመሆን ደግሞ የሙሉ ቀን ቋሚ ሥራና ይህንኑ የሚያረጋግጥ የአሠሪ ፊርማ። የስደተኞችን ጉዳይ የምትሠራው ሴትዮ የፓርኪንጉን ሥራ ስነግራት በትሕትና አንገቷን ነቀነቀች፤ «ፉል ታይም ስታገኝ ተመለስ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለችኝ ሐሳብ ይህቺው ብቻ ነበረች። የማነበው ለዚህ ነው። ጧት የምነሳው ለዚህ ነው።

ይልማ ሱቅ ግዙ በሚባል የካርቱም ገበያ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ራዲዮ ይጠግን ነበር። ደብዳቤ አንጻጻፍም፤ ካሴት ላይ ድምፃችንን ቀድተን በሰው እንላላካለን። የእሱ ካሴት ከጀርባው የአህያ ጩኸት፣ የማራገቢያ ድምፅ፣ የሻይ ብርጭቆ ኳኳታ አለበት። መጨረሻ የደረሰኝ ካሴት መንገድ ላይ ብዙ ወራት ቆይቶ ነው የመጣው። ስለ ጤናው፣ ስለ ሙቀቱ ካወራ በኋላ እንዲህ አለ፦ «እዚህ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር አየሁ። ሥራውን ሁሉ የሚነግረው ዲስክ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው አሉኝ። እሺ፤ ዲስኩን አንብብ ብሎ መጀመሪያ የሚነግረውስ ማን ነው? ጠየቅኳቸው፤ አንዱም አያውቅም። አንተ እንደሁ ካላወቅህ አትተኛም፤ አጣርተህ ንገረኝ።» ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

ይልማ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። ወባ ነው የያዘው፤ ቶሎ ነው የሄደው። እኔ አላወቅሁም። በተማርኩባቸው በእነዚያ እሑዶች በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ሰምተው ነበር፤ ከየትኛው እሑድ ጀምሮ እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ካሴቱ ከመጣ ጥቂት ሳምንት በኋላ ጋሽ መኩሪያ ወደ ቤታችን ወጡ። ጋሽ መኩሪያ ከእኛ ሕንጻ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ አገር ቤት የቴሌ ቴክኒሺያን ነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ብሩክሄቨን ውስጥ ከቡፎርድ ሃይዌይ ገባ ባለ ወርክሾፕ ኮምፒውተር ይገጣጥማሉ። በዚያ ዘመን የትልቁን ኩባንያ ማሽን አስመስሎ በርካሽ የሚገጣጥም ትንንሽ ቤት በየመንገዱ ነበር። በሩ ላይ ቆመው፣ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ፣ «እኛ ቤት አንድ ቦታ ተከፍቷል፤ ፉል ታይም» አሉኝ። «ሚስተር ዌድ ሰርተፊኬት አይጠይቅም። ማሽን ፊትህ ያስቀምጥና ሲበራ ምን ምን እንደሚያደርግ በቅደም ተከተል ንገረኝ ይላል። ከነገርከው ይቀጥርሃል፤ ካቃተህ ያሰናብትሃል። እሑድ እሑድ ና፤ አሳይሃለሁ።»

ጌታቸው ሶፋው ላይ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ለሰው ሰላምታ እንኳ የማይሰጥ ልጅ ለፈረንጅ በቅደም ተከተል ሊናገር?» አላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ መኩሪያ ከት ብለው ይስቁ ነበር። ያን ቀን ፈገግ አሉና ሄዱ።

የመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ማሽን ክዳኑ ተነስቶ ተቀምጧል። ዋናው ሰሌዳ ላይ በጎን በጎን የተደረደሩ ትንንሽ ነጭ ማብሪያዎች አሉ፤ ስንት ዲስክ እንዳለው፣ ምን ዓይነት ስክሪን እንደ ተሰካ ለማሽኑ የሚነገረው በእነሱ ነው። አንዱን ላስተካክል ኪሴ ውስጥ የነበረውን እርሳስ ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

«በእርሳስ አይነካም። ዱቄቱ ይገባና ኤሌክትሪክ ያሻግራል። በእስክሪብቶ ክዳን።»

«ይቅርታ ጋሼ፤ አላወቅሁም።»

«ታውቃለህ ያለህ የለም። ተቀመጥ።» ከዚያ በጣታቸው ትልቁን ቺፕ ነኩ። «ይሄ አንጎሉ ነው። መብራት ሲያገኝ ምንም አያውቅም። ስሙንም አያውቅ። የሚያውቀው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ ስትነቃ መጀመሪያ እዚያ ሂድ ተብሎ ተሠርቷል።»

«እዚያ አድራሻ ላይ ምንድን ነው ያለው?»

«ይቺ።» ጀርባዋ ላይ የብር ቀለም ያለው ወረቀት የተለጠፈባት፣ ብዙ እግር ያላት ጥቁር ቺፕ አሳዩኝ። «ባዮስ የሚሏት የማስነሻ ጽሑፍ የምትኖረው እዚች ውስጥ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ተጽፋ ነው የመጣችው። መብራት ሲጠፋ ሜሞሪው የያዘውን ሁሉ ይረሳል፤ እሷ አትረሳም። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትናገረው እሷ ናት።»

የይልማ ጥያቄ ተመለሰ። ሰውነቴ ሁሉ ሞቀኝ። ዲስኩን አንብብ የሚለው ከዲስኩ አይመጣም፤ ከማሽኑ ጋር የተወለደ፣ ማንም ሊያጠፋው የማይችል ነገር ውስጥ ተጽፏል። የዚያን ዕለት ማታውኑ ለይልማ ካሴት ቀዳሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ያህል እንዳወራሁ አላውቅም፤ ሁለቱም ጎን ሞላ። «መልስህን አገኘሁልህ፤ አንተም ልክ ነበርክ» ብዬ ጀመርኩ። ካሴቱን ለእትዬ ፀዳለ ሰጠሁ። እትዬ ፀዳለ ከእኛ በታች ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ ካርቱም እህት ስላላቸው የሚሄድና የሚመጣ መንገደኛ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ተቀበሉኝና በሁለት እጃቸው ያዙት። «እሺ የኔ ልጅ» አሉ። መቼ ይሄዳል ብዬ ስጠይቃቸው ውኃ ጥጄ መጣሁ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ሌላም ቀዳሁ፤ ሌላም። ካሴቶቹ ሁሉ ከእሳቸው ቤት አልወጡም። መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ከአንሶላ ሥር፣ እኔ በጻፍኩት የይልማ ስም ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎባቸው ነበር የተቀመጡት።

ከእሑድ እሑድ ቅደም ተከተሉ እየጠራልኝ መጣ። ባዮስ መጀመሪያ የራሷን ጽሑፍ ትደምራለች፤ አንድ ፊደል ቢበላሽ ድምሩ አይገጥምም። ከዚያ ጊዜ ቆጣሪውን ትሞክራለች። ከዚያ የስክሪኑን ካርድ ታስነሳለች፤ የካርዱ ጽሑፍ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ለዚህ ነው። ከዚያ ሜሞሪውን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው እየጻፈችና መልሳ እያነበበች ትቆጥራለች። ከዚያ ቁልፍ ሰሌዳው መኖሩን ትጠይቃለች። ሁሉም ደህና ከሆነ አንድ ጊዜ ትጮኻለች። ከዚያ የፍሎፒው መብራት ቦግ ይላል፤ እዚያ ዲስክ ከሌለ ወደ ትልቁ ዲስክ ትሄድና የመጀመሪያዋን ቁራጭ ብቻ አንብባ ሜሞሪ ላይ ታስቀምጣለች፤ «ከዚህ በኋላ አንቺ» ብላ ታስረክባለች። አንድ ነገር ከጎደለ ግን ስክሪን ቢኖርም ባይኖርም በጩኸት ትናገራለች፤ አንድ ረጅም ሁለት አጭር ከሆነ የስክሪን ካርድ ነው። ጋሽ መኩሪያ አንዱን ካርድ ነቅለው፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በድምፁ ብቻ የጎደለውን ያስነግሩኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲሉ ትዝ ይለኛል፦ «እይ፤ ይሄ ዕቃ የጎደለውን ሳይናገር አንድ እርምጃ ወደፊት አይሄድም። እኛ ግን…» እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

በቃኝ ብዬ ባሰብኩ ቁጥር ግን «ገና ነህ» ይሉኛል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልሳሳት እነግራቸዋለሁ፤ «ይሄ ለፈተና አይበቃም፤ በሚመጣው እሑድ እንደገና ከሀ» ይላሉ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ስጠይቃቸው አይነግሩኝም። ቦታው በሌላ ሰው ይያዛል ብዬ ስፈራ «ሚስተር ዌድን እኔ አናግሬዋለሁ» ይሉኛል። እኔ ነገር በትክክል ካልሆነ የማልወድ ሰው ነኝና ይህ በጣም አናደደኝ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ስወጣ እትዬ ፀዳለ ሲቆጧቸው ሰማሁ።

«እስከ መቼ ነው መኩሪያ? እኔ ልጁን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል!»

«አንድ እሑድ ስጪኝ» አሏቸው።

«ባለፈውም አንድ እሑድ ብለሃል።»

ስለ ፈተናው የሚከራከሩልኝ መሰለኝ። እትዬ ፀዳለ እንዲህ ስለሚያስቡልኝ ደስ አለኝ።

ቤቱም ተለውጦ ነበር። ስልክ ሲደወል ጌታቸው ከመታጠቢያ ቤትም ቢሆን ሮጦ ቀድሞ ያነሳል። የእኔን የሳሕን ማጠብ ተራ ይወስዳል። ሊቀ ዝም ማለቱን ተወ። ቅዳሜ ካሴት መክፈትም ቀረ፤ ለምን ስለው «ቴፑ ካሴት እየበላ ነው» አለኝ። እኔም ፈታሁት። የሚያነበውን ብረት በአልኮል ጠረግሁ፤ ጎማዋን አየሁ፣ ቀበቶውን አየሁ፤ አንድም ጉድለት አላገኘሁም። ባዶ ካሴት ከትቼ ሞከርኩት፤ እንደ ሰዓት ይዞራል።

«ጌች፣ ቴፑ እኮ ምንም አልሆነም።»

«እሺ» አለኝ። ግራ በገባው ዓይን አየኝ።

«ካሴቶችህ ይሆናሉ እንጂ ቴፑ ደህና ነው። ሞክረው።»

«እሺ አልኩህ እኮ! በኋላ እሞክረዋለሁ።»

አልሞከረውም። ቤት ውስጥ ሐዘን እያለ ዘፈን እንደማይከፈት እኔም እንደ ማንም አውቃለሁ። ማሽን ግን ተበላሽቷል ከተባልኩ የማየው ማሽኑን ነው።

በመጨረሻ ጋሽ መኩሪያ «ዓርብ» አሉ። ዓርብ አብረን በመኪናቸው ሄድን። ቡፎርድ ሃይዌይ ያኔ እንዳሁኑ በየጥጉ ምግብ ቤት አልነበረውም፤ የጎማ መለወጫ፣ የምንጣፍ ሱቅ፣ መብራቱ ግማሹ የጠፋ ሞቴል። ወርክሾፑ ረጅም፣ መስኮት የሌለው ቤት ነው፤ የቀለጠ የብየዳ እርሳስ ይሸታል። ሚስተር ዌድ ደረት ኪሳቸው ላይ ብዙ እስክሪብቶ የደረደሩ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። አንድ ማሽን ፊቴ አስቀምጠው አበሩት። ስክሪኑ ጥቁር ነው። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ጮኸ።

«እሺ» አሉኝ፤ «የት ደርሶ ነው የቆመው?»

ከመጀመሪያው አድራሻ ጀምሬ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ ጎርባጣ ነበር፤ ቅደም ተከተሉ ግን አልተዛነፈም። ራሷን ደምራለች፣ ጊዜ ቆጣሪው ደህና ነው፣ ስክሪኑን ስትፈልግ አጣች አልኩ። ከፍተን ስናየው ካርዱ ከቦታው በግማሽ ወጥቷል። ተጫንኩት፤ ማሽኑ ተነሳ። ሚስተር ዌድ ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞር ብለው «ይህን ሰው የት ደብቀኸው ነበር?» አሉ። ጋሽ መኩሪያ መሬት መሬት ያያሉ። ሰኞ ጀምር ተባልኩ። ለወንድሜ ጉዳይ የሥራ ማረጋገጫ እንደሚያስፈልገኝ እየፈራሁ ስናገር፣ ሚስተር ዌድ እዚያው በቆምኩበት ታይፕ አስመትተው ፈረሙልኝ። አጥፌ ሸሚዜ ኪስ ከተትኩት። መንገዱን ሁሉ በእጄ እዳስሰው ነበር። ጋሽ መኩሪያ ይነዳሉ። እኔ ነኝ ያወራሁት፤ ሕይወቴን ሙሉ በመኪና ውስጥ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ይልማ ሲመጣ እሱንም ሚስተር ዌድ ይወስዱት ይሆን አልኳቸው፤ ራዲዮ የሚያውቅ እጅ ነው፤ እኔ ካስተማርኩት በሦስት እሑድ ይጨርሰዋል። ቀይ መብራት ላይ ቆመን አረንጓዴ ሆነ፤ አልሄዱም። ከኋላችን ጥሩምባ ሲነፋ ነው የነቁት።

አፓርትመንቱ ደረጃ ላይ ጎረቤታችንን ሚስ ዶሪስን አገኘኋት። ፊት ለፊታችን የምትኖር፣ በምርኩዝ የምትሄድ፣ ሙዚቃ ሲበዛ ግድግዳ የምትደበድብ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ምርኩዟን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና በቀኟ ፊቴን ዳሰሰችኝ። «እግዚአብሔር ያጽናህ የኔ ማር» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ሥራ ማግኘቴን ከማን ሰማች ብዬ ገረመኝ። አሜሪካኖች ለአዲስ ሥራ እንዲህ ይሉ ይሆናል ብዬ አመሰገንኳት። ቤት ስገባ ደግሞ ወለሉ ታጥቧል፣ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተጠግቷል፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ታጣፊ ወንበሮች በየጥጉ ተደግፈዋል። ጌታቸው መጥረጊያ ይዞ ቆሟል።

«ሰው ጠርታችኋል እንዴ?» አልኩት።

«ነገ… ትንሽ ሰው ይመጣል።»

«ለእኔ ይሄ ሁሉ?»

ጌታቸው መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ አቀፈኝ፤ ቶሎ አልለቀቀኝም። ለእኔ ሥራ ማግኘት ይህን ያህል ደስ ይለዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የሚስተር ዌድን ወረቀት አውጥቼ አሳየሁት፤ ጠረጴዛው መሐል ላይ፣ እንዳይነፍስ የስኳሩን ዕቃ ጭኜ አስቀመጥኩት። በሰላም ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ተንኳኳ። ጋሽ መኩሪያ ከፊት፣ ቄሱ ከጎናቸው፣ እትዬ ፀዳለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላ ደረጃውን የሞላ ሰው። ነጠላውን ሳይ ገባኝ። ሰው እስኪነግረው የሚጠብቅ አለ ይባላል፤ እኔ አልጠበቅሁም። «ይልማ ነው?» አልኩ። ጋሽ መኩሪያ «አዎ ልጄ» አሉ። ከዚያ በኋላ የጮኸው እኔ ልሁን ሌላ ሰው አላውቅም። በአሜሪካ አፓርትመንት እንዲያ ከተጮኸ ፖሊስ ይመጣል። ያን ቀን አልመጣም። እትዬ ፀዳለ በዋዜማው ከሰዓት በየበሩ እየዞሩ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ነገ ጧት እናለቅሳለን፤ ሰው ሞቶብናል፤ እባካችሁ ፖሊስ አትጥሩ» ብለው ለምነው ነበር። ሕንጻው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሚስ ዶሪስ ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር።

ሣልስቱ አለፈ፤ ወንበሮቹ ተመለሱ። ሥራው በአንድ ሳምንት እንዲገፋ ጋሽ መኩሪያ ሚስተር ዌድን ጠይቀውልኝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ በለመድኩት ሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ማሽን የለም። ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሷል። ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጠየቅኳቸው።

«መቼ ነው የሰማችሁት?»

እንዲዋሹኝ ፈለግሁ። ባለፈው ሳምንት ቢሉኝ፣ ወይም ከፈተናው ጥቂት ቀደም ብሎ ቢሉኝ፣ ከዚያ በፊት ያሉት እሑዶች ይቀሩልኝ ነበር።

«ስለ ሥራው ልነግርህ ከመጣሁ በፊት ነው» አሉ።

«ከመጀመሪያው እሑድ በፊት?»

«በፊት። ፀዳለ እህቷ ደውላ ነገረቻት። ጧት መርዶውን ይዘን ልንመጣ ተነስተን ነበር። ከዚያ አሰብኩ። ልጁ በእጁ ምንም የለው። ሌላ ወንድም የለው፣ እናት የለው፣ ያችን የመስታወት ሣጥን ይዞ… ብንነግረው ምን ላይ ይወድቃል አልኩ። ሚስተር ዌድን ሄጄ ለመንኩት። ቦታ አልነበረውም፤ እንዲከፍት ለመንኩት። አንድ ነገር ሳናስይዝህ ያንን ልንወስድብህ አልቻልንም። ከዚያ ደግሞ… ትምህርቱን ስትጨርስ መንገሬ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን እያወቅኸው ስትመጣ፣ ገና ነህ አልኩህ።»

ልቆጣቸው አልቻልኩም። ከዚያ የሚሻል ደግነት በሕይወቴ ያደረገልኝ ሰው የለም፤ ምንም የማይጠቅመኝ ደግነት ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው፤ «ሥራውን የፈለግሁት እኮ እሱን ለማምጣት ነው።»

«እናውቃለን» አሉኝ።

በማግሥቱ ሰኞ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ከታች ሆነው አንድ ጊዜ ጥሩምባ ነፉ። ግራጫውን ኮት ለበስኩና ወረድኩ፤ የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።